ባለቤቴ ያላየው አጋዘን

ባለቤቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ቀኑን ሙሉ በዴንቨር ኤርፖርትና በመሃል ከተማው መካከል ሲመላለስ ስለሚውል፣ የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ከሶፋው መነሳት አይወድም። ተራራ የመውጣትን ሐሳብ ያመጣበት አንድ ተሳፋሪ ነው። አንድ መስከረም ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከኤርፖርት አንስቶ ኤስተስ ፓርክ ድረስ ወሰዳቸው፤ በብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሽማግሌው ሲወርዱ፣ "እዚህ ድረስ መጥተህ ሳታየው እንዳትመለስ" ብለውት ሄዱ። ምኑን እንደሆነ አልነገሩትም። እሱም ነገሩ ከንክኖት ወደ ፓርኩ ዘለቀ። ቤት ሲመለስ ጫማው ጭቃ ነበር፤ ፊቱ ደግሞ ለብዙ ጊዜ አይቼው የማላውቀው ዓይነት ፊት።

"ቅዳሜ ከማንም ጋር ቀጠሮ እንዳትይዢ" አለኝ። "ልጅቷንም ሞቅ ያለ ነገር አልብሺያት።"

የምንኖረው አውሮራ ነበር፣ ከሃቫና ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት። ተራሮቹ ከበረንዳችን ይታያሉ፤ እኔ ግን እንደ ግድግዳ ሥዕል ነበር የማያቸው። ሰው የሚሄድባቸው መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ሳገላብጥ፣ ሳጥብና ሳበላ ነው የምውለው፤ ቅዳሜ የልብስ አጠባ፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ቀን ነው። ያን ቅዳሜ ልብሱ ሳይታጠብ ቀረ።

አስፐን የሚሉት ግንዱ ነጣ ያለ ዛፍ አለ። ቅጠሉ ትንሽና ክብ ነው፣ መስከረም ላይ ቢጫ ይሆናል፤ ነፋስ የለም ሲሉ እንኳ ይርገበገባል። ተራራው ከወገቡ ላይ ቢጫ ታጥቆ ቆየን። እኔ ሌላ ስላልነበረኝ ለቤተ ክርስቲያን የማደርገውን ጫማ አድርጌ ነበር የሄድኩት፤ ተረከዜ ተልጦ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ አንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር ስንደርስ መሬት ላይ ተዘረርኩ። ባለቤቴ ቆሎ እየቆረጠመ ሳቀብኝ። ሽማግሌው "ሳታየው" ያሉት ቅጠሉን ይሁን ሐይቁን እስከ ዛሬ አላወቅንም።

በዚያ ዓመት በረዶው መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ቅዳሜ ሳንወጣ የቀረንበት ጊዜ ጥቂት ነው። እሱ ሁልጊዜ ከፊት ነበር። መንገዱ ሲታጠፍ ይጠፋብንና፣ ቀጥሎ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀን እናገኘዋለን። ልጃችን ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አባቷን ለመቅደም ትሮጣለች፣ አትችልም።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ከኋላ መሄድ ጀመረ።

"ምነው ወደ ኋላ ቀረህ?" አልኩት።

"እናንተን ልጠብቅ ነዋ።"

"ከምን?"

"ከድብ" አለ፤ ልጅቷ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

ግን ከኋላዬ የሚሰማኝ አረማመድ የእሱ አልነበረም። ስረግጥ ጠብቆ ይረግጣል። ስቆም ይቆማል። ከፀሐይ ወደ ጥላ በገባን ቁጥር እግሩ ከዛፍ ሥር ጋር ይጋጫል፤ ከላይ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር በትከሻው ይላተምና ይቅርታ ይላል። ድካም ነው ብዬ አሰብኩ። ኤርፖርት ወረፋ ይዞ ሲጠብቅ የሚውል ሰው ቢደክመው ምን ይገርማል።

ከዚያ የአጋዘኑ ቀን መጣ። ፓርኩ ውስጥ ኤልክ የሚባል፣ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተንሰራፋ ትልቅ አጋዘን አለ፤ በዚያ ወቅት ወንዱ ሴቶቹን ሰብስቦ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ መስኩ ዳር ብዙ መኪና ቆሞ ነበር። እኛም መኪናችንን አቁመን ወረድን። ሰው ሁሉ ፀጥ ብሏል። አንዱ ወንድ አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ በግራችን ቆመ፤ በጣም ቅርብ ከመሆኑ የተነሳ ከአፍንጫው የሚወጣው ትንፋሽ ይታያል። የሁሉም ራስ ወደ እሱ ዞረ። የባለቤቴ ራስ ብቻ ወደ መስኩ መሃል እንዳየ ቀረ። አጋዘኑ ሲጮህ ደንግጦ ወደ ቀኝ ዞረ።

"ዳዲ፣ ሉክ" አለችው ልጅቷ።

"አየሁት፣ አየሁት። እንዴት ያምራል" አለ። የሚያየው የወደቀ ግንድ ነበር።

ልጄ እጄን ይዛ ወደ ጆሮዬ ተንጠራራች። "ማሚ፣ ዳዲ አላየውም። ሪሊ አላየውም።"

"አይቶታል፤ ዝም በይ" አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኳት አላውቅም። ምናልባት እሱ እንዳይሰማ።

ከኤስተስ ፓርክ የሚወርደው መንገድ ወንዝ ተከትሎ በገደል መሃል የሚጠማዘዝ ነው። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። አንድ ጠመዝማዛ ላይ በቀኛችን ብስክሌት የሚነዳ ሰው ነበር፤ ደማቅ ብርቱካናማ ጃኬት የለበሰ፣ ከሩቅ የሚታይ። መኪናችን ቀስ በቀስ ወደ እሱ ተጠጋ። ያልፈዋል ብዬ ጠበቅሁ። አሁንም ተጠጋ።

"ሰው!" ብዬ ጮህኩ።

መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። ከፊት የሚመጣ መኪና ጥሩምባውን አንባረቀ። ብስክሌተኛው ስናልፈው በመዳፉ የመኪናውን ጎን መታና ስድብ ወረወረ። ባለቤቴ ትንሽ ሄዶ ዳር ያዘ።

"አይቼዋለሁ" አለ።

"አየኸው?"

"አየሁት አልኩሽ እኮ።"

ልጅቷ ከኋላ ቀበቶዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። ቤት እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

በዚያ ሳምንት ባሌን እንደ በሽተኛ መመልከት ጀመርኩ። ሥራዬ ነውና ብዙ ነገር አውቃለሁ። በምሠራበት መጦሪያ፣ ዓይናቸው ከጎን ከጎኑ የጠበበባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ በር ሲገቡ ትከሻቸው ከመቃኑ ይጋጫል፣ ብርጭቋቸው በስተግራ ከተቀመጠ ውሃ የለም ብለው ይጣራሉ። ባለቤቴም ራት ላይ ጨውን በግራው ሳስቀምጥለት ጠረጴዛውን በእጁ ሲዳብስ አየሁት። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት በሩ ላይ ቆሜ ነገርኩት።

"ዓይንህን ሐኪም ይየው።"

"ምን ሆኜ?"

"ጎን ጎኑን አታይም።"

"ላይሰንሴን ሳሳድስ ዓይኔን ቼክ አድርገውኛል። አልፌያለሁ።"

"ፊደል ነው ያስነበቡህ። ፊደሉ ፊት ለፊት ነው ያለው።"

ቁልፉን አንስቶ በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ማስታወስ አልወድም። ሥራ ላይ ሆኜ አልጋ ሳነጥፍ፣ ልጅ የታቀፈች ሴት ኤርፖርት በር ላይ ቆማ የባሌን ታክሲ ስታስቆም ይታየኛል። ማንን ልንገር? ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ብናገር ባሌን አደባባይ ማውጣት ነው። ለሚሠራበት ድርጅት ብናገር እንጀራውን በእጄ መቁረጤ ነው። ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። እሱ ሲገባ መኪናውን ዞሬ አያለሁ፣ የተጫረ ነገር እንዳለ። እሱም እንደማየው ያውቃል።

ቅዳሜ ሲደርስ "እንሂድ አይደል?" አለኝ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

እሺ አልኩ። ልጅቷን ግን ቶርንተን እህቴ ቤት እንድትውል አደረግሁ። የአክስቷ ልጆች ናፍቀዋታል ብዬ አመካኘሁ። እውነቱ፣ እሷ እዚያ መኪና ውስጥ እንድትቀመጥ አልፈለግሁም። እኔ ራሴ ግን ገባሁ። ለምን እንደገባሁ ብጠየቅ የምመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጎኑ ከሆንኩ ቢያንስ ቀኙን አይለታለሁ ብዬ።

ጥቅምት ገብቶ ነበር። አስፐኑ ግማሹ ረግፏል። የመረጥነው መንገድ በጥድ ጫካ ውስጥ ሽቅብ ይወጣና ድንጋይ የተከመረበት ተዳፋት አቋርጦ ከላይ ያለ ሌላ ሐይቅ ይደርሳል። ጥላው ውስጥ የሌሊቱ በረዶ ገና አልቀለጠም፤ ድንጋዩ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብራል። "ልያዝህ?" ስለው "ሕፃን ነኝ?" አለኝ። ስለዚህ ከፊት ከፊት ሄድኩ። ከኋላዬ እርምጃውን እሰማለሁ።

መንገዱ ድንጋዮቹ መሃል ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እኔ ታጠፍኩ። እርምጃው ቆመ። ከዚያ የድንጋይ መንሸራተት ሰማሁ። ስዞር መንገዱ ላይ ማንም የለም።

ጥልቅ አልነበረም። ተንሸራትቶ አንድ አጭር ጥድ ይዞት ቀርቷል። ቁልቁል በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ ደረስኩበት። መዳፉ ተሰንጥቆ ይደማል፤ ቁርጭምጭሚቱ ማበጥ ጀምሯል። ነጠላ ሻርፔን ቀድጄ እጁን አሰርኩለት። ሳስረው ፊቴን አያየኝም ነበር።

"እንዲህ ከሆንክ ስንት ጊዜህ ነው?" አልኩት።

ከላያችን ሰዎች እያወሩ አለፉ። እስኪርቁ ጠበቀ።

"ካቻምና ሐኪም ነግሮኛል" አለ። "ግላኮማ ነው አለኝ። የዓይን ግፊት። ጠብታ ሰጠኝ። ጥቂት ጊዜ አደረግሁና ተውኩት።"

"ለምን ተውከው?"

"ያቃጥላል። ደግሞ ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። መሃሉ እኮ ደህና ነው። አንቺን አሁን አይሻለሁ፣ ቅንድብሽን ሳይቀር። ዳር ዳሩ ነው የሌለው። ጨለማ አይደለም፤ የለም፣ በቃ።"

"ሰው ትጭናለህ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ልጃችንን ትጭናለህ።"

"አውቃለሁ አልኩሽ።" ከዚያ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። "አባቴ ዓይናቸው ሲጠፋ እኔ ትንሽ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰው ሲመጣ እናቴን ነው የሚጠይቀው። 'ደህና ናቸው? በልተዋል? ተኝተዋል?' እሳቸው እዚያው ተቀምጠው። በገዛ ቤታቸው ሰው ጠይቋቸው ሲመልሱ ሰምቼ አላውቅም። ጨለማውን አልፈራሁትም። እሱን ነው የፈራሁት።"

ብርድ ስለነበረ ተነሳ አልኩት። እጁን የኋላ ቦርሳዬ ማንገቻ ላይ አስያዝኩትና መውረድ ጀመርን። "ድንጋይ" እላለሁ፤ "ወደ ታች" እላለሁ፤ "በግራህ ሰው አለ" እላለሁ። እያነከሰ ይከተለኛል።

ጫካው ውስጥ ባልና ሚስት ፈረንጆች አገኙን። ሴትዮዋ ደሙን ስታይ ቆመች። እኔን አየችና፣ "ደህና ነው? ራሱን መትቶታል?" አለችኝ። እኔም አፌ እንደለመደው፣ ሥራ ቦታ እንደማደርገው፣ "ደህና ነው፤ እጁ ብቻ ነው" ብዬ መለስኩ። ውሃ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይፈልግም አልኳት። አመስግኛቸው አለፉ።

ጥቂት እንደወረድን ከኋላዬ፣ "ውሃ ጠምቶኛል" አለ።

ቆሜ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጠጣ። በሐፍረት ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

መኪናው ጋ ስንደርስ እያነከሰ ዞሮ የሹፌሩን በር ከፈተና ተቀመጠ። እኔ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት እነዳለሁ። ሃይዌይ ወጥቼ አላውቅም። ተራራማ መንገድማ ጭራሽ። ቢሆንም በሩ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ።

"ቁልፉን ስጠኝ።"

"ግቢ።"

"ካልሰጠኸኝ አልገባም።"

"ይሄን ቁልቁለት አትችይውም።"

"አልችለውም ይሆናል። አያለሁ ግን።"

ቦታችንን የሚጠብቅ መኪና ከኋላ ቆሟል። ሰውየው መስኮቱን አውርዶ ትወጣላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት ይመለከታል። ሰውየው ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄደ። ሌላ መጣ። እሱም ሄደ። እግሬ ቀዘቀዘ። አላለቀስኩም፤ አልተቆጣሁም፤ ዝም ብዬ ቆምኩ። በመጨረሻ ቁልፉን ነቅሎ ጭኑ ላይ አኖረው፤ ከዚያ ወርዶ በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞሮ፣ ኮፈኑን በእጁ እየደገፈ፣ በእኔ ቦታ ተቀመጠ።

ያን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ከኋላዬ መኪና ተሰልፎ ጥሩምባ ይነፋል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። እሱ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። ቁልቁለቱ ሲበረታ የፍሬኑ ሽታ መጣ።

"ፍሬኑን አትያዢው" አለኝ። "ማርሹን ወደ ሁለት አውርጂው። ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል።"

አወረድኩት። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ረጋ አለ።

"ከፊት ሰፋ ያለ ቦታ ታገኛለሽ። ዳር ያዢና አሳልፊያቸው።"

ዳር ያዝኩ፤ ሁሉም አለፉ። እንደገና ገባሁ። እንዲህ እያልን ወረድን፤ እኔ እያየሁ፣ እሱ እየነገረኝ። ሎንግሞንት ስንደርስ መንገዱ ሜዳ ሆነ። እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ራዲዮ ከፈትኩለት፣ ማልቀሱ እንዳይሰማኝ።

ሰኞ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ሰው ነበር፤ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ግን ማቆየት እንደሚቻል አስረዳን። የግራውን በኦፕሬሽን፣ የቀኙን በጠብታ። መንዳት ግን አበቃ። ሐኪሙ ይህን ሲናገር እኔን ማየት ሲጀምር፣ ወንበሬን ገፋ አድርጌ ከባለቤቴ ኋላ ተቀመጥኩ። ሐኪሙ ወደ እሱ ዞሮ ቀጠለ።

ኦፕሬሽኑ በሰላም ቢያልቅም የበረዶው ክረምት ከባድ ነበር። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ የሚውል ሰው ሆነ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። እኔ ትርፍ ሰዓት እሠራለሁ፤ ማታ ስገባ ጠብታውን ማድረግ አለማድረጉን ብጠይቀው ይቆጣል፣ ካልጠየቅሁት አያደርግም። አንድ ቀን፣ "አንቺ ነሽ ከሥራዬ ያስወጣሽኝ" አለኝ። አላስወጣሁትም። ግን አፌን ሞልቼ አላስወጣሁህም ማለትም አልቻልኩም።

አንድ እሑድ ከሰዓት ከቤተ ክርስቲያን አንድ አረጋዊ ወንድም ሊጠይቁን መጡ። ጸለዩ። ሻይ አቀረብኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ "እንዴት ነው አሁን? ትንሽ ይሻለዋል?" አሉኝ። ባለቤቴ ተነስቶ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። አረጋዊው ደነገጡ። ምን እንዳጠፉ ነገርኳቸው፤ ስለ አባቱም ነገርኳቸው። ሻያቸውን አስቀመጡና ወደ መኝታ ቤቱ ሄደው በሩን አንኳኩ።

"ልጄ፣ አንተን መጠየቅ ሲገባኝ ሚስትህን ጠየቅሁ" አሉት። "እንዴት ነህ?"

እጃቸውን መቃኑ ላይ አሳርፈው ጠበቁ። ከዚያ ከውስጥ፣ "ደህና አይደለሁም፣ አባቴ" አለ። በሩን ከፈተላቸው። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ሁለት ጊዜ አሞቅሁት።

በረዶው ሲቀልጥ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ የሂሳብ ተቀባይነት ሥራ አገኘ። ትንሽ የመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። "መኪናው ራሱ ፊት ለፊቴ ይመጣል፤ ጎን ምን ያደርግልኛል?" ይል ነበር። ደስተኛ ነበር ማለቴ አይደለም። ድሮ አብረውት ይሠሩ የነበሩ ታክሲ ነጂዎች በመስኮቱ ሲያልፉ እጃቸውን ያወጣሉ፤ አንዳንዱን ያየዋል፣ አንዳንዱን አያየውም፤ ያላያቸው ኮርቶብናል ብለው አወሩ።

ሐኪሙ ከመሰናበታችን በፊት አንድ ነገር ጨምሮ ነበር፤ በሽታው በዘር ይሄዳልና ልጃችሁን በየጊዜው አስመርምሩ ብሎ። በቀጣዩ ጥቅምት ወሰድናት። ጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ ሳጥን ላይ አገጯን አስደግፋ፣ ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፍ ትጫናለች። እኛ ውጭ ተቀምጠናል። በሩ ትንሽ ገርበብ ስላለ ቁልፉ ቀጭ ሲል ይሰማል። ቀጭ፤ ቀጭ። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል ባለቤቴ ጉልበቱን ይጨብጣል። ይህን ምርመራ እሱ ብዙ ጊዜ አድርጎታል፤ ዝምታው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ወይ ብርሃኑ አልመጣም፣ ወይ መጥቶ አልታየም።

ልጅቷ ዓይኗን እያሸች ወጣች። "ሶ ቦሪንግ" አለች። "እንቅልፌ መጥቶ ነበር።"

ሐኪሙ ለጊዜው ምንም የለባትም አለን። ለጊዜው የሚለውን ቃል ሁለታችንም ሰማን። ባለቤቴ ተነስቶ ግንባሯን ሳማት፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ ሰው ያያል ብላ ገፋችው።

በዚያው ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ተራራው ወጣን፤ ነጂዋ እኔ ነበርኩ። ዘግይተን ነበርና ቅጠሉ በሙሉ ረግፎ ዛፉ ራቁቱን ቀርቷል፤ ሰውም እምብዛም አልነበረም። ያም ሆኖ፣ ባለቤቴ የቦርሳዬን ማንገቻ ይዞ፣ እስከዚያ ትንሽ ሐይቅ ሄድን።